ለትንሽ ነገር መትጋት ይገባልን?

በዚህ ዓለም ላይ ሻንጣቸውን በኳስ ሞልተው፣ ድንበር ተሻግረው፣ በባዕድ ከተማ አልጋ ተከራይተው፣ ሳምንት ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ጎንበስ ቀና የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት አንዲት ትንሽ ኳስ ጥቂት ሜትር ተንከባልላ ጉድጓድ እንድትገባላቸው ነው። ጨዋታው ሚኒጎልፍ ይባላል። ብዙዎቻችን የምናውቀው በፊልም ብቻ ነው፤ ያውም ልጆችና ፍቅረኞች እየተሳሳቁ በአሻንጉሊት የነፋስ ወፍጮ ሥር ኳስ ሲያሳልፉ። ይኸው ጨዋታ የዓለም ፌዴሬሽን፣ የዓለም ሻምፒዮና፣ ብሔራዊ ቡድን፣ አሠልጣኝ፣ ኧረ የተከለከለ መድኃኒት ደንብ ሳይቀር እንዳለው የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መሳቅ ነው። እኛም ስቀናል።

ሳቅ ግን ክርክር አይደለም። ምኑ ነው የሚያስቀው ተብለን ብንጠየቅ ምን እንመልሳለን? ጨዋታ በመሆኑ ነው እንዳንል፣ ሃያ ሁለት ሰዎች አንዲት ኳስ ሲያባርሩ ለማየት እንቅልፍ አጥተን የምናድር እኛው ነን። ትንሽ በመሆኑ ነው ካልን ደግሞ ትንሽነት በምን ይለካል? በሜትር? በተመልካች ብዛት? በገንዘብ? የሁለቱ ተጫዋቾች ልፋት በሰዓት ቢመዘን እኩል ሆኖ ቢገኝ፣ አንዱን ጀግና ሌላውን ሞኝ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ጥያቄያችን እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሰው ሙሉ ኃይሉን ለትንሽ ነገር መስጠቱ ይገባል ወይስ አይገባም? ጉዳዩ የፈረንጅ ጨዋታ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ካለ ጥቂት ይታገሠን።

በቅድሚያ ነገሩን እናስረዳ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በአንድ ሜዳ ላይ 18 መደቦች አሉ። መደብ ስንል እንደ አትክልት መደብ ጠበብና ረዘም ያለውን የመጫወቻ ቦታ ማለታችን ነው፤ የኅብረተሰብ መደብ ነገርም ቢሆን አይቀርም፣ ወደ ኋላ ይመጣል። በእያንዳንዱ መደብ ላይ መሰናክል ይኖራል፤ ጉብታ፣ ጠባብ በር፣ ዘወርዋራ መንገድ፣ ቧንቧ፣ ዘልላ የምታልፈው ክፍተት። ተጫዋቹ ኳሷን ከመነሻው በዱላው መትቶ በተቻለው አነስተኛ ምት ጉድጓድ ማስገባት አለበት። በስድስት ምት ካልገባችለት ሰባት ይጻፍበትና ወደሚቀጥለው ያልፋል። 18ቱን መደብ በ18 ምት የጨረሰ ፍጹም ዙር ተጫወተ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ጣሪያ ነው፤ ማንም ከ18 በታች ሊያስመዘግብ አይችልም።

ቀድሞ እያንዳንዱ ሜዳ የባለቤቱ ቅዠት ነበር፤ አንዱ ግንብ ይሠራል፣ ሌላው ዓሣ ነባሪ ያቆማል። ነገሩን ወደ ስፖርት ከለወጡት አንዱ ፓውል ቦንግኒ የተባለ የስዊስ የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ ነው። መደቦቹን በኮንክሪት፣ በተወሰነ ቅርጽና ልክ፣ 12 ሜትር ያህል ርዝመት ሰጥቶ ነደፋቸው፤ በዚህ ልክ የተሠራው የመጀመሪያው ሜዳ በ1954 በማጆሬ ሐይቅ ዳር ባለችው በአስኮና ከተማ ተከፈተ። ከዚያ በጀርመን 6 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አጭሩ ዓይነት ተፈለሰፈ። ስዊድኖች ደግሞ ቀደም ብለው ጨዋታውን ከአሜሪካ አምጥተው መደቡን በወፍራም ጨርቅ ያለብሱት ጀመር፤ ብሔራዊ ፌዴሬሽናቸው የተመሠረተው በ1937 ነው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1991 በኦስሎ ተደረገ። ይህን ታሪክ የምናነሣው ለእውቀት ብለን ብቻ አይደለም። አንድ ዓይነት ልክ ከተገኘ በኋላ በአንድ አገር የተመዘገበ 22 ምት በሌላው አገር ከተመዘገበ 22 ምት ጋር የሚወዳደር ሆነ። ቀልዱ ያበቃው፣ ወይም እንደ አመለካከታችን የባሰበት፣ እዚያ ላይ ነው።

ዋናው ምስጢር ኳሷ ናት። በደንቡ መሠረት ውፍረቷ ከ37 እስከ 43 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ከምን እንደምትሠራና ምን ያህል እንደምትነጥር ግን ሰፊ ነፃነት አለ። ስትጥላት እንደ ጭቃ ዝም የምትል አለች፤ እንደ አንበጣ የምትዘል አለች። ከባድ አለች፣ ቀላል አለች፣ ልሙጥ አለች፣ ሸካራ አለች። ግድግዳ መትታ ለምትመለስበት መደብ አንዷ፣ ሽቅብ ለምትወጣበት ሌላዋ ትመረጣለች። የበረቱት ተጫዋቾች ስብስብ በመቶ የሚቆጠር ነው። በዚህም አያበቃም። ኳስ በፀሐይ ስትሞቅ ንጥረቷ ይለወጣል፤ ስለዚህ አንዷን ኪሳቸው ውስጥ አድርገው ያሞቃሉ፣ ሌላዋን ማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ ያኖራሉ። ውድድሩ ከመድረሱ ቀናት አስቀድመው ይሄዱና በየመደቡ ላይ የትኛዋ ኳስ፣ ከመነሻው የትኛው ነጥብ ላይ ተቀምጣ፣ ግድግዳውን የት ላይ ብትነካ እንደምትገባ እየሞከሩ በደብተር ይጽፋሉ። በልጅነታችን ብይ የተጫወትን ሁሉ ይህን ነገር በትንሹ እናውቀዋለን። ለመምቻ የምትሆነዋን ብይ ከሌሎቹ ለይተን ኪሳችን ውስጥ የምንደብቃት በከንቱ አልነበረም፤ ለማንም አናበድራትም ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄው። የመጀመሪያው ክስ ከንቱነት ነው። ይህ ሁሉ ልፋት ምን አፈራ? ምንም። ጉድጓዱ እንደነበረ ነው፤ ኳሷን ማግባት ዋናው ነገር ቢሆን ኖሮ በእጅ አንሥቶ መጨመር ይቻል ነበር። በካናዳ ያስተምር የነበረው ፈላስፋ በርናርድ ሱትስ በ1978 ባሳተመው ስለ ፌንጣ በተሰየመ መጽሐፉ ይህንኑ ነገር ገልብጦ ያየዋል። በኤዞጵ ተረት ጉንዳኗ ሠራተኛ፣ ፌንጣው ሥራ ፈት ነው፤ ሱትስ ግን ፌንጣውን ጠበቃ ቆሞለት ይከራከርለታል። እንደ እርሱ አስተሳሰብ ጨዋታ ማለት፣ ቀላሉ መንገድ እያለ፣ አስቸጋሪውን መንገድ ወዶና ፈቅዶ መምረጥ ነው። ምሳሌ የሚያደርገውም ጎልፍን ነው። ስለዚህ ከንቱነቱ የጨዋታው ነውር አይደለም፤ ራሱ ጨዋታው ነው። መሰናክሉን ብታነሣው የሚቀር ነገር የለም።

አርስጣጣሊስ በዚህ አይስማማም። የሥነ ምግባር ትምህርቱ ላይ፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚደክመው ለመጫወት ከሆነ ነገሩ የልጅ ነገር ይሆናል፤ ጨዋታ ለከባዱ ሥራ የሚያዘጋጅ ዕረፍት ነው የሚል ሐሳብ አለው። ለኛ ግን አርስጣጣሊስ ይህን ዓይነቱን ሰው ያሰበው አይመስለንም። ደብተር ይዞ የኳስ ሙቀት የሚለካው ሰው እያረፈ ነው እንዴ? ከሥራው ይልቅ የሚደክመው እዚህ ነው። ዕረፍት የሚያስፈልገው ከዚህኛው ነው። እንግዲህ ሥራና ጨዋታ የሚለው ክፍፍል እዚህ ላይ ይደናገራል፤ የምናየው ነገር ሥራ ነው እንዳንል ፍሬ የለውም፣ ጨዋታ ነው እንዳንል ቀልድ የለውም።

ከመካከላችን አንዱ፣ የቤተ ክህነት ልጅ ነው፣ ክርክሩን ወደ ቅኔ ቤት ወሰደው። የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ለምዱን ደርቦ፣ ቁራሽ እየለመነና ከውሻ እየታገለ ከዋሸራ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ዋድላ የሚዞረው ለምንድን ነው? የየቤቱን መንገድ ለመቅሰም ነው። ቅኔው ደግሞ ለዕለቱ ነው የሚቆጠረው፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያወጣና ሲያወርድ ያደረው ቅኔ አንድ ጊዜ ይባላል፣ ያበቃል። ከቅኔዎቹ ሁሉ አጭሩ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። ሁለት ቤት! ከዚያች ጠባብ መደብ ላይ አንዲት ቃል ብትዛነፍ መምህሩ ይሰብራታል፤ በሥፍር ያነሰች እንደሆነች ሁሉ በልፋት ያነሰች ናት የሚል ግን ማንም የለም። ታዲያ ስድስት ሜትሩ ምን አደረገ? አለን።

መልሱ ያስደስታል፤ ግን ሙሉ አይደለም። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ይናገራል፤ ያመሰግናል፣ ይወቅሳል፣ አንዳንዴም ንጉሥ ፊት ሌላ ሰው የማይደፍረውን ይደፍራል። ጉድጓድ የገባች ኳስ ግን ምንም አትናገርም። ወርቅ የላትም፣ ሰም ብቻ ናት። ይህን ልዩነት መሸፋፈን አንፈልግም፤ ሁለቱን ነገሮች እኩል ናቸው ብንል ቅኔውንም ኳሷንም እንበድላለን። የሚመሳሰሉት በሌላ በኩል ነው። ሁለቱም ሰው ዓይኑን አንድ ነጥብ ላይ ተክሎ፣ ‘በቃ፣ ይሆናል’ የሚለውን ቃል ለራሱ መከልከሉን ይጠይቃሉ። ይህ ‘በቃ፣ ይሆናል’ የሚሉት ነገር በአገራችን ስንት ድልድይ፣ ስንት መዝገብ፣ ስንት ትርጉም እንዳበላሸ አንባቢ ያውቃል። በማይጠቅም ነገር ላይ የተለማመደ ጥንቃቄ በሚጠቅም ነገር ላይ ይሠራል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ መሥራቱን ማረጋገጫ የለንም፤ ቢሆንም ሁለቱን ዓይነት ሰው ጎን ለጎን አቁመን ሕንፃ ሠርተህ አስረክበኝ የምንለው የትኛውን ነው?

እዚህ ላይ ጉዳዩ የኛም መሆኑ ይገለጣል። ሥነ ጽሑፍና ታሪክ የምንማር ሰዎች በየክረምቱ ቤት ስንገባ ጋሼም እትዬም የሚጠይቁን ጥያቄ አንድ ነው፤ ‘ለመሆኑ ስትጨርሱ ምን ልትሆኑ ነው?’ ሕክምና የሚማረው ልጅ ይህ ጥያቄ አይደርሰውም። እኛ ስለ አንድ የድሮ ደብዳቤ አንቀጽ፣ ስለ አንዲት ቃል አመጣጥ ወር ሙሉ እንደምንከራከር ብንነግራቸው በሚኒጎልፈኛው ላይ የሳቅነውን ሳቅ በኛ ላይ ይስቁብናል፤ ይሉኝታ ይዟቸው በልባቸው ነው እንጂ። ትንሽ ነገር ላይ መትጋት ሞኝነት ነው የሚለውን ፍርድ በሰው ላይ ከመወርወራችን በፊት በኛ ላይ ሲወርድ የሚያስከትለውን ማየት ይኖርብናል።

ሁለተኛው ክስ ከፍ ያለ ነው፤ የፍትሕ ክስ ነው። ሕዝብ ዳቦ ባጣበት ዓለም በኳስ ላይ ገንዘብና ዕድሜ ማፍሰስ ኃጢአት አይደለምን? ይህን ክስ በቀላሉ ልናልፈው አንችልም፤ ከመካከላችን ሁለቱ እስካሁንም የሚቆሙት እዚሁ ላይ ነው። ታሪኩን ብናይ ግን ነገሩ ከጠበቅነው ይለያል። በአሜሪካ ጋርኔት ካርተር የተባለ ነጋዴ በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ በሉክአውት ተራራ ላይ የሠራውን ትንሽ ሜዳ ቶም ተም ብሎ ሰይሞ ንድፉን በየከተማው ይሸጥ ጀመር። ሣር ውድ ነው፣ ውኃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከጥጥ ፍሬ ገለባ የተዘጋጀ ርካሽ ወለል ጥቅም ላይ ዋለ። በ1929 ኢኮኖሚው ሲወድቅ ጨዋታው አብሮ መውደቅ ሲገባው ጭራሽ ፈነዳ። በ1930 በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሜዳዎች ነበሩ፤ በኒውዮርክ በየሕንፃው ጣሪያ ላይ ሳይቀር። ሥራ ያጣ ሰው በጥቂት ሳንቲም አንድ ምሽት ይጫወታል፤ ገዢ ያጣ ባዶ መሬት ያለው ደግሞ ሜዳ አድርጎ ያከራየዋል። ወዲያው በጥቂት ዓመት ውስጥ አብዛኛው ሜዳ ተዘጋ።

ጓደኞቻችን በዚህ ላይ ተከፋፈሉ። አንዱ፣ ‘ይኸው ማደንዘዣ ነው፤ ሰው የራበውን እንዲረሳ የተሰጠው ነው’ አለ። ሌላዋ፣ ‘የራበው ሰው እስኪጠግብ ድረስ መሳቅ አይፈቀድለትም ማለት ነው? ይህን የሚፈቅድና የሚከለክልስ ማነው?’ አለች። እኛ ወደ ሁለተኛው እናዘነብላለን። በባላገር የገና ጨዋታ ቀን ጌታና ሎሌ አንድ ሩር ሲያሳድዱ ጌታው አይቆጣም የተባለው፣ ያ ቀን ረኀብን ስለሚያጠፋ አይደለም። በማግሥቱ ሎሌው ሎሌ ነው። ሆኖም ያን ቀን ከሎሌው ላይ ብንወስድበት ጌትነት አናጎናጽፈውም፤ ቀኑን ብቻ ነው የምንወስድበት። የመጀመሪያው ጓዳችን ‘ጌታው ጨዋታውን የፈቀደው ለዚሁ ነው’ ብሎ እስካሁን ይከራከራል፤ ፈጽሞ ስሕተት ነው ለማለትም አንደፍርም።

ሌላም ምሳሌ አለ። በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ፣ የጎልፍ ቅድስት ከተማ በምትባለው፣ በ1867 የሴቶች የፓቲንግ ክበብ ተመሠረተ፤ ፓቲንግ ማለት ኳሷን በአጭሩ መሬት ለመሬት እየነዱ ወደ ጉድጓድ ማስገባት ነው። ሴት ልጅ ዱላዋን ከትከሻዋ በላይ አንሥታ መምታቷ ነውር ነው ስለተባለ፣ ትልቁን ጨዋታ ሳይሆን ይህን አጭሩን ተዉላቸው። ሂማልያ የሚባለው ጎርባጣ ሣር ሜዳቸው እስከ ዛሬ አለ። እንግዲህ ጨዋታው ‘ትንሽ’ የሆነው ከሰማይ አይደለም። አንድ ሰው ትልቁን አጥር አጥሮ ሲይዘው፣ ውጪ የቀረው ሰው የሚጫወተው ነገር ‘ትንሽ’ ይባላል። ጎልፍ ሰፊ መሬት፣ ብዙ ውኃ፣ የአባልነት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ትንሹ ጎልፍ የሕንፃ ጣሪያ ይበቃዋል። በትንሽነቱ ከመሳቃችን በፊት ማን እንዳሳነሰው መጠየቅ አስፈላጊ ነው።

አሁን ደግሞ ቃል የገባነው የመደብ ነገር። በዓለም አቀፉ ደንብ ተጫዋች የፈለገውን ያህል ኳስ ይዞ መምጣት ይችላል ብለናል። ኳስ በነፃ አይታደልም። ሦስት መቶ ኳስ ያለው ሰው ለእያንዳንዱ መደብና ለእያንዳንዱ የአየር ጠባይ መልስ አለው፤ አሥር ኳስ ያለው ሰው በእጁ ብልሃት ሊያካክሰው ይጥራል። በእንግሊዝ ደቡብ የባሕር ዳርቻ፣ በሄስቲንግስ ከተማ ከ2003 ጀምሮ የሚደረግ ሌላ ውድድር አለ፤ በዚያኛው ሁሉም የሚጫወተው በአንድ ዓይነት ኳስ ነው። የትኛው ይበልጥ ፍትሐዊ ነው?

መጀመሪያ ሁላችንም ሄስቲንግስ አልን፤ ወዲያውም ጥርጣሬ መጣ። አንደኛ፣ ኳስ መምረጥ ራሱ እውቀት ነው፤ ሦስት መቶ ኳስ ለማያውቅበት ሸክም ነው። ኳስ መምረጥን ስንከለክል የአንዱን ሰው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሌላውን ሰው የሃያ ዓመት ዕውቀትም ነው የምንጥለው። ሁለተኛውና ከባዱ፣ አንድ ዓይነት ኳስ ሁሉንም እኩል ያደርጋል ወይ? በሰፈሩ ሜዳ ያለው ልጅ ከትምህርት መልስ በየቀኑ ይለማመዳል፤ ሜዳ የሌለው ልጅ ለውድድሩ ቀን ብቻ ይደርሳል። በውድድሩ ቀን ለሁለቱም አንድ ዓይነት ኳስ ትሰጣቸዋለህ፣ ‘ይኸው እኩል ናችሁ’ ትላለህ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ያሰበ አንባቢ የምንለው ገብቶታል። ወረቀቱ አንድ ነው። ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቀውም፣ ሦስት አስጠኚ የተቀጠረለትም የሚቀርብላቸው ያው ወረቀት ነው። ወረቀቱ አንድ መሆኑ በራሱ መልካም ነው፤ ሁለት ዓይነት ይሁን የሚል የለም። ግን የወረቀቱን አንድነት እያሳየ ስለ ሜዳው ዝም የሚል ሰው ፍትሕን በግማሽ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ሄስቲንግስን እንመርጣለን፤ ‘እኩልነት’ ብሎ መጥራቱን ግን እንቢ እንላለን። የመጨረሻዋ ቀን እኩልነት እንበለው ከተባለ ይሁን።

ስለ ፈተና ከተነሣ አይቀር፣ በ1980ዎቹ በስዊድን የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች፣ ቤክማንና ሞላንደር፣ ሚኒጎልፍ ተጫዋቾችን አጥንተው ነበር። ሚኒጎልፍን የመረጡት ተጫዋቹ ሳይሮጥና ሳይደክም ትኩረቱ ብቻ የሚለካበት ስለሆነ ይመስለናል። ያገኙት ነገር ይህ ነው፤ በልምምድ ላይ አንጋፋዎቹ ተጫዋቾች ከወጣቶቹ የማያንሱ ሲሆኑ፣ ውድድር ሲመጣ ግን ውጤታቸው ወረደ፤ ወጣቶቹ የውድድሩን ጭንቀት ሲቋቋሙት አንጋፋዎቹን በለጠባቸው። ታዲያ የተሻለው ተጫዋች ማነው? ማክሰኞ ማንም ሳያየው 18 ያስመዘገበው ወይስ እሑድ ሰው እያየው 24 ያስመዘገበው? ሁለቱም አንድ ሰው ከሆነስ? ስፖርቱ እሑድን ይመርጣል፤ ሌላ ምርጫ የለውም። ልብ የሚያረጋጋ መድኃኒት መውሰድ የተከለከለውም ለዚህ ነው፤ የልብ መምታት ራሱ ከመሰናክሎቹ አንዱ ተደርጎ ተቆጥሯል። ለጨዋታ ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። የሰውን ዕድል ለሚወስን ፈተና ግን ትክክል መሆኑን ማን አረጋገጠልን? የሚንቀጠቀጥ እጅ ያለው ሁሉ አላዋቂ አይደለም።

ስለ ተጓዦቹም አንድ ነገር እንበል። ለውድድር የሚጓዙ አሉ፤ ለመቁጠር የሚጓዙም አሉ። አንድ እንግሊዛዊ ባልና ሚስት በ2006 ጀምረው በየአገሩ እየዞሩ ከ1000 በላይ ሜዳዎችን ጎብኝተዋል። እውነቱን ለመናገር ይህኛው አይማርከንም። ቁጥር የሚያሳድድ ሰው 999ኛው ላይ ሲደርስ የቆመበትን ቦታ ያየዋል ወይስ 1000ኛውን ያስባል? ግሸን የሚወጣ ሰው ስንተኛ ደብሩ እንደሆነ አይቆጥርም። በሌላ በኩል ግን፣ በየባሕር ዳርቻው ያለው ትንሽ ሜዳ ባለቤቱ ሲያረጅ ይፈርሳል፣ መኪና ማቆሚያ ይሆናል፤ መዝግቦ የሚያስቀምጠው መንግሥት የለም፣ ሙዚየም የለም። ሄዶ ያየው፣ ፎቶ ያነሣው፣ ቀኑን የጻፈው ሰው ሳያስበው ታሪክ ጸሐፊ ሆነ ማለት ነው። በየሰፈራችን ስንት የብይና የጠጠር ጨዋታ ስሙና ደንቡ ሳይጻፍ እንደጠፋ ስናስብ የነዚህን ሰዎች ደብተር ንቀን ማለፍ ያቅተናል። መቁጠሩ ይቅር፣ መጻፉ ይኑር።

የቀረን አንድ ነገር ነው፤ እኛንም ያላስማማን። ሱትስ ጨዋታን ጨዋታ የሚያደርገው ወዶ መምረጥ ነው ብሏል። ኦሊቪያ ፕሮኮፖቫ የተባለች የቼክ ተጫዋች በ2013 የአሜሪካን ሁለት ታላላቅ ውድድሮችና የሄስቲንግሱን በአንድ ዓመት ውስጥ አሸንፋለች፤ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላትም። መጫወት የጀመረችው በሦስት ዓመቷ እንደሆነ ተጽፏል። የሦስት ዓመት ልጅ ዱላ ሲሰጧት ትይዛለች፤ ደስ ቢላትም የመረጠችው አይባልም። እንዲህ ከሆነ የሱትስ ማስረጃ የት ላይ ይቆማል? ከመካከላችን አንዷ፣ መምረጥ በመጀመሪያው ቀን አይደለም፤ በየማለዳው ነው፤ በአሥራ አምስት ዓመቷ ዱላውን ልትጥለው ስትችል ካልጣለችው መርጣዋለች ማለት ነው አለች። ሌላው ግን እንዲህ ብሎ መለሰላት፤ አሥራ ሁለት ዓመት ከተለማመዱ በኋላ መጣል ይቻላል ወይ? ሌላ ነገር የማያውቅ እጅ ምን ይይዛል? እርሱ ይህን ሲል ስለ ቼኳ ልጅ ብቻ እየተናገረ እንዳልነበረ ሁላችንም አውቀናል። አራተኛ ምርጫው አድርጎ በሞላው ትምህርት ክፍል ከተመደበ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ በክፍሉም ከሁላችን የሚበልጥ ተማሪ እርሱ ነው።